በቄጠማው ዳር የተሰጠ እሺታ

ሐጂ ጀዕፈር አንድ ቀን የጣላቸው ሕመም አፋቸውን ወደ ግራ ካጣመመው ወዲህ፣ የሚናገሩትን የሚረዳ ሰው በጅግጅጋ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው ረቢዓ። ሐኪሙ እንኳ ሲመጣ “ምን ይላሉ?” ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። ቃላቸው ከጉሮሯቸው ተፈጭቶ፣ ግማሹ ወድቆ፣ ግማሹ ተጣብቆ ይወጣል። እሷ ትሰበስበውና አስተካክላ ለሰው ታሰማለች።

ስለዚህ በዚያ የጥቅምት ማለዳ፣ አባቷ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው አትክልተኛውን ሲያስጠሩ፣ ከአጠገባቸው ቆማ ቃላቸውን ማድረስ የእሷ ሥራ ነበር። የሚናገሩት ስለ ራሷ መሆኑን አላወቀችም።

አትክልተኛው ዐብዲፈታህ በግቢው መሐል ካለው የሲሚንቶ ገንዳ ዳር ተንበርክኮ ነበር። ገንዳው ውስጥ በጅግጅጋ ደረቅ ምድር ማንም የማይጠብቀው ነገር ይበቅላል፤ ቄጠማ። ያውም ለጌጥ የሚተከለው ዓይነት። አንዱ ከሰው ቁመት ልቆ ቅጠሉን ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ የዘረጋ፣ አንዱ ጸጉሩን ያንጨባረረ ድንክ ደንገል፣ አንዱ ደግሞ ከዳር ዳር ዝቅ ብሎ የሚፈስስ፣ በአረንጓዴው ላይ ነጭ ሰረዝ ያለበት። ዐብዲፈታህ የጃንጥላውን ቄጠማ አናት በመቀስ እየቆረጠ ወደ ባልዲ ይጥል ነበር።

“ዐብዲፈታህ፣ ቅረብ ይሉሃል” አለች ረቢዓ።

እጁን በሱሪው ጠርጎ ቀረበና አንገቱን ደፋ። ሐጂ ጀዕፈር መናገር ጀመሩ። ረቢዓ አንድ በአንድ እየተከተለች አሰማች።

“የዛሬ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ልከህብኝ ነበር። አገር ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም ብዬ መለስኩህ...”

እዚያ ላይ አቆመች። አባቷን አየቻቸው። ደህናው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። “ቀጥዪ” አሏት።

“...አንተ ግን አልተቀየምከኝም። የወደቅሁ ቀን በጀርባህ አዝለህ መኪና ላይ ያወጣኸኝ አንተ ነህ። የገዛ ወንድሞቼ ልጆች ያላደረጉልኝን አድርገሃል። አገር ማለት ምን እንደሆነ ተኝቼ አሰብኩበት። ስለዚህ... ስለዚህ ረቢዓን...”

አባቷ በደህና እጃቸው የወንበሩን ክንድ መቱ።

“ረቢዓን ሰጥቼሃለሁ። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ፤ ይሉሃል” አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። ጆሮዋ ድረስ ነደደች። ሴት ልጅ ራሷን በገዛ አፏ ድራ ታውቃለች? ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በሶላቷ የለመነችው ነገር ነበርና፣ ከሐፍረቷ ሥር ደስታዋ እንደ ምንጭ ፈነዳ። ቀና አለች።

ዐብዲፈታህ ፊቱ አመድ መስሏል። መቀሱ ከእጁ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አላወጣውም።

“ሐጂ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው” አለ። “ይቅር ይበሉኝ። አልችልም።”

ጃኬቱን ከአጥሩ ላይ አውርዶ ወጣ። የብረት በሩ ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።

“ምን አለ?” አሉ ሐጂ ጀዕፈር። ጆሯቸው ደህና ነው፤ ሰምተዋል። ረቢዓ ግን አሁንም የሌላ ሰው ቃል እንደምታደርስ ሁሉ፣ “አልችልም አለ አባ” ብላ መለሰችላቸው። በአንድ አፍ ተሰጥታ፣ በዚያው አፍ መናቋን ተናገረች።

*

ሐጂ ጀዕፈር የተወለዱት ቦርከና ዳር ነው፤ ረግረጉ ክረምት ከበጋ ቄጠማ በሚያበቅልበት የወሎ ምድር። ጅግጅጋ በሃያ ዓመታቸው መጥተው፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነግደው፣ ወልደው፣ ሚስታቸውን ቀብረው አረጁ። ሲያረጁ የልጅነታቸው ረግረግ አማራቸው። ውሃ በቦቴ በሚገዛበት ከተማ ገንዳ አሠርተው ቄጠማ ልትከል ሲሉ ጎረቤት ሳቀ። “ሰው የሚጠጣው አጥቶ ሐጂ ሳር ሊያጠጡ ነው!” ተባለ።

ያኔ ነው አንድ ሰው ከአውበሬ የስደተኞች ጣቢያ እየመጣ ችግኝ የሚሸጥ ወጣት እንዳለ የነገራቸው። ዐብዲፈታህ ግቢያቸው በገባበት በመጀመሪያው ቀን ሐጂ አንድ ዘንግ አሳዩትና “ይሄን ሳር ታውቀዋለህ?” አሉት። ተቀብሎ በሁለት ጣቱ መሐል አሽከረከረው።

“ሳር አይደለም ሐጂ” አለ በተሰባበረ አማርኛ። “ሳር ክብ ነው። ይሄ ሦስት ጎን አለው። አባቴ ሶማሊያ፣ ጁባ ወንዝ ዳር ያርስ ነበር፤ እሱ ነው ያስተማረኝ።”

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ጀመር። ረቢዓ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ሐሙስ የዕረፍት ቀኗ ነበር። የቄጠማ ቅጠል ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ ዐብዲፈታህ ደግሞ የደረቀውን በጣቱ እያበጠረ ሲያወጣ ጓንት አይወድም። ደሙን እያየች ዝም ማለት አቃታትና አንድ ቀን አልኮልና ፋሻ ይዛ ወጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቁስል ነበረው። በሦስተኛው ሳምንት “ሆን ብለህ ነው እንዴ?” አለችው። ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ እስከ ማታ ቀና አላለም። በዚያች አንዲት አስተያየት ረቢዓ ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒት እየተሳሳተች ስታነሳ ስትጥል ከረመች።

ፊደል ያስቆጠረችውም እሷ ናት፤ አባቷ እያዩ፣ በገንዳው ጥላ ሥር። ዓመት ሳይሞላ ጋዜጣ አነበበ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሽማግሌ ላከ። ሐጂ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው አበሉና “ልጁ ጨዋ ነው። ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ግን ልጄን የት ያሳድራታል?” ብለው ሸኟቸው። ዐብዲፈታህ በነጋታው ሐሙስ መጥቶ ቄጠማውን አጠጣ። እያንዳንዱን ሐሙስ መጣ። ከረቢዓ ጋር የተረፋቸው ሰላምታና ዝምታ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን በዝምታው ውስጥ አንድም ቀን መውደዱን ተጠራጥራ አታውቅም።

አሁን ነው የተጠራጠረችው። ሐሙስ መጣ፤ እሱ አልመጣም። ስልኩን ደወለች፣ ዝግ ነው። ከዚያ በአራተኛው ቀን ዋርፋ፣ ከአውበሬ ጅግጅጋ ሚኒባስ የሚነዳው ሰው፣ ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አቀበላት።

“ለረቢዓ፣

ቄጠማውን ሳልጨርስ ስለሄድኩ ይቅርታ። የቆረጥኳቸው አናቶች ባልዲው ውስጥ ናቸው። ቅጠላቸውን ግማሽ ድረስ ከርክሚና ገልብጠሽ ውሃ ላይ አስቀምጫቸው፤ አናታቸው ወደ ታች፣ ዘንጋቸው ወደ ላይ። በሦስት ሳምንት ሥር ያወጣሉ። ውሃውን በሦስት ቀን አንዴ ቀይሪላቸው። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ስላለው ጫፉን ያቃጥለዋል፤ የዝናቡን ከበርሜሉ ስጪው። ነጭ ሰረዝ ያለበትን ከቀትር ፀሐይ ከልዪው። ኅዳር ላይ ብርዱ ሲጠና የደረቀውን ከሥሩ ቁረጪ። አትዘኚለት። ካልተቆረጠ አዲሱ መውጫ ያጣል። ጓንት አድርጊ።

ሐጂን በታመመው ጎናቸው ብዙ አታስተኚያቸው።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ አትጠይቂኝ። ፋይላችን ወጥቷል።

ዐብዲፈታህ”

ሦስት ጊዜ አነበበችው። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ቄጠማ፣ ስለ እሷ ግን አንዲት መስመር! ልትቀድደው ይዛ፣ “ጓንት አድርጊ” የሚለው ላይ ዓይኗ አረፈ። የራሱ እጅ እየደማ የሷን እጅ ያሰበ ሰው እንዴት ይንቃታል? ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ንዴቷ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም፤ በቦታው የቀረው ፍርሃት ነበር።

*

በማግስቱ አባቷን ለጎረቤታቸው ለዒፍራህ አደራ ብላ በዋርፋ ሚኒባስ አውበሬ ወረደች። ዋርፋ ጣቢያው ውስጥ ቤቱን አሳይቷት ተመለሰ። በጭቃና በሸራ የተሠራች አንዲት ክፍል ናት። በሩ ላይ የተቀመጡት ሴት፣ የዐብዲፈታህ እናት ቢሻሮ፣ ረቢዓን ከእግር እስከ ራስ አዩና ምንም ሳይጠይቁ ከምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አሉላት።

ውስጥ አንዲት ልጅ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ነገር ያጠላበታል። ሁለት ቃል ትናገርና ትተነፍሳለች።

“አንቺ ነሽ... ቄጠማዋ” አለች ፈገግ ብላ። “እዚህ ቤት... ስምሽ እንደዚያ ነው። እኔ ሳህራ ነኝ፣ እህቱ።”

ረቢዓ የመድኃኒት ባለሙያ ናትና ከመጠየቋ በፊት ከትራሱ አጠገብ ያሉትን እሽጎች አየች። የልብ መድኃኒት ናቸው። ሁሉም ለማቆያ እንጂ ለማዳን የሚሰጡ አይደሉም።

“ቫልቩ ነው” አለች ሳህራ ዓይኗን ተከትላ። “መቀየር አለበት ይላሉ። እዚህ ግን ተራው... ለኔ አይደርስም። አስራ ስድስት ዓመት የጠበቅነው የካናዳ ፋይል ነው አሁን የወጣው። ኅዳር ላይ እንሄዳለን። እዚያ ሆስፒታል ይቀበለኛል ብለዋል።”

“እና እሱ... ከኔ ጋር ይሄ ምን አገናኘው?”

“አባቴ ከሞተ ወዲህ... የፋይሉ አባወራ እሱ ነው። የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ሐምሌ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያገባ ሰው ፋይሉ ተከፍቶ... ከሀ ይጀመራል። የሁላችንም።” ደረቷን በመዳፏ ያዘች። “ይሄ ደግሞ... እስከ ፐ የሚጠብቅ አይመስልም።”

ረቢዓ ከእሽጎቹ አንዱን አንስታ ስሙን አነበበች።

“ያኔ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ፎርሙን ሲሞሉ ‘ሚስት አለህ?’ አሉት” ቀጠለች ሳህራ። “‘የለኝም’ ብሎ ፈረመ። ሽማግሌዎቹ ካንቺ ቤት ከተመለሱ... ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። ሐጂ ያን ቀን እሺ ብለው ቢሆን... ስምሽ ከኛ ስም ሥር ይጻፍ ነበር።”

“ሳህራ!” አሉ እናትየው ከደጅ፣ በቁጣ ሳይሆን በድንጋጤ።

“ምን ላድርግ ሆዮ፣ እውነት ነው” አለቻቸው። ከዚያ የረቢዓን እጅ ያዘች። መዳፏ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። “እኔ ልቅር አልኩት እኮ። ፋይሉን ይቅደዱት፣ አንተ ሂድና አግባት አልኩት። ሦስት ቀን አላናገረኝም። አንቺ ንገሪው። አንቺን ይሰማል።”

ረቢዓ ሳታስበው ጣቶቿን የልጅቷ እጅ አንጓ ላይ አሳረፈች። የደም ሥሯ ይዘላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ሁለቴ ይዘላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ረቢዓ ልትነግረው የመጣችው ነገር ሁሉ፣ በመንገድ ላይ ያሰናዳችው ወቀሳ ሁሉ፣ በዚያች ጭብጥ በማትሞላ እጅ ላይ ቀረ።

ዐብዲፈታህ በሁለት እጁ ጀሪካን ውሃ ይዞ ሲመጣ ከቤቱ ጀርባ ቆማ አገኛት። እዚያ ለሁለት የተሰነጠቁ ጀሪካኖች ተደርድረው፣ በእቃ ማጠቢያ ውሃ የሚኖሩ ቄጠማዎች ነበሩባቸው። ጀሪካኖቹን አስቀመጠ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርሽ ‘ሂድ’ ትዪኝ ነበር” አለ። “ከአፍሽ መስማት አልፈለግሁም።”

“አሁንስ?”

“አሁንም አትበዪው። በዓይንሽ ብለሽዋል፤ ይበቃኛል።”

“ሂድ” አለችው ግን። እንባዋ ወረደ። “ሂድና ተመለስ። ወይም ሂድና ጥራኝ። ብቻ ጠብቂኝ በለኝ። አንዲት ቃል ናት። አምስት ዓመት ይሁን፣ አሥር ይሁን፣ ጠብቂኝ በለኝ።”

ጎንበስ ብሎ የጀሪካኑን ክዳን አጠበቀ።

“ዐብዲፈታህ!”

“አልልሽም” አለ። “እኔ አስራ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ ረቢዓ። መጠበቅ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ካንቺ የበለጠ አውቃለሁ። ዛሬ ነገ እንሄዳለን እያለ ሰው ቤቱን አያድስም፣ ልጁን አይድርም፣ ጥርሱ ቢያመው እንኳ አይነቅልም። አባቴ ስማችን ይለጠፋል እያለ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ነው የሞተው። አንቺን እዚያ ሰልፍ ላይ አላቆምሽም።”

“እኔ ፈቅጄ ብቆምስ?”

“ብትቆሚ እኔ እዚያ እንጀራ አይወርድልኝም።”

“እሺ፣ ስትጠራኝ ብመጣስ?”

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቿን ትክ ብሎ አየ። በዓይኑ ውስጥ የነበረው ርኅራኄ ከቁጣ ይልቅ አስፈራት።

“ሐጂ ሲናገሩ ማን ይሰማቸዋል?” አላት።

እሷ ከሄደች አባቷ በሕይወት እያሉ ዲዳ ይሆናሉ። ውሃ እንኳ ሲጠማቸው “ውሃ” ማለታቸውን የሚያውቅ አይኖርም። እሱ እህቱን መተው አይችልም፤ እሷ አባቷን መተው አትችልም። ሁለቱም ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይገናኙ ነበር።

በመሐላቸው የነበረው አንድ እርምጃ ነው። ማንም አልተራመደውም።

*

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ስደተኞቹን የጫነው አውቶቡስ ከአውበሬ ተነስቶ በጅግጅጋ በኩል ወደ ካራማራ አለፈ። ረቢዓ አልወጣም ብላ ወስና ነበር። ግን አባቷ “ግፊኝ” ስላሏት ወንበራቸውን እየገፋች አስፋልቱ ዳር ደረሰች። አውቶቡሱ አልቆመም። በመስኮቱ ሳህራ እጇን ስታወዛውዝ አየች፤ ከአጠገቧ የእናትየው ነጭ ሻሽ። እሱ የተቀመጠው በወዲያኛው በኩል ነበር። ከእህቱ ትከሻ በላይ ግማሽ ፊቱን ያየች መሰላት። ያያት ይሁን አይሁን አላወቀችም። አቧራው ሲረጋጋ መንገዱ ላይ የቀሩት ባጃጆች ብቻ ነበሩ።

ወደ ግቢ ተመልሰው አባትና ልጅ ገንዳው ዳር ተቀመጡ። ባልዲው ውስጥ ያሉት አናቶች ሥር አውጥተው ነበር፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ክር። ረቢዓ ጓንቷን አጥልቃ አንድ በአንድ ጭቃው ውስጥ ታቆማቸው ጀመር። ሥራው ጥሩ ነበር፤ አያናግርም። ሐጂ ጀዕፈር ግን ከአስፋልቱ ጀምሮ አንድ ነገር ሲያሰላስሉ ቆይተው ነበር። አርባ ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው፤ ነገር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ያውቃሉ። የፋይሉን ነገር ነግራቸዋለች፤ የሳህራን ልብ ነግራቸዋለች። አንዲቱን ነገር ብቻ ደብቃቸዋለች።

“ረቢ” አሉ።

“አቤት አባ።”

ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገሉ። አንገታቸው ላይ ሥሩ ተገተረ።

“ያኔ... ሽማግሌ ሲልክ... እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ... አብረሽ ትጻፊ ነበር?”

በመጀመሪያው ጊዜ ሰምታቸዋለች። ሙሉ በሙሉ፣ አንድም ፊደል ሳይወድቅ ሰምታቸዋለች። “ምን አልክ አባ? አልሰማሁህም” አለች፤ ጊዜ ለማግኘት።

እንደገና ታገሉ። እንደገና አሉት። ደህናው ዓይናቸው ፊቷ ላይ ተተክሏል። ረቢዓ አባቷን አየቻቸው፤ ያሳደጓትን፣ ከእናቷ ሞት በኋላ ፀጉሯን እየተሳሳቱ የጎነጎኑላትን ሰውዬ። ከእንግዲህ ከዚህ ወንበር አይነሱም። ከዚህ ገንዳ በቀር የሚያዩት የለም። እውነቱን ብትሰጣቸው ይዘውት የሚሄዱበት ሥፍራ የላቸውም፤ እዚሁ ተቀምጠው፣ በየቀኑ፣ ቄጠማውን እያዩ ይበሉታል።

“አይ አባ” አለች። “ያኔም ቢሆን ፋይሉ ተዘግቶ ነበር። ምንም አይለወጥም ነበር።”

ሐጂ አላመኑም። እጃቸውን ዘረጉላት። ጓንቷን አውልቃ ያዘችው።

“ወላሂ በዪ።”

ረቢዓ በሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜዋ በአላህ ስም በሐሰት ምላ አታውቅም። ሰው እንደሚምል ስትሰማ ጆሮዋን የምትይዝ ልጅ ነበረች። ጎረቤት አንድ ሰው ሲሳል ተሰማ። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ መጣ።

“ወላሂ አባ” አለች።

ሐጂ ጀዕፈር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ፤ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተፈታ። “አልሐምዱሊላህ” አሉ፣ በዚያ ከእሷ በቀር ማንም በማይረዳው ቋንቋ። ቀስ በቀስም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ረቢዓ እጃቸውን አልለቀቀችም። ፀሐይዋ ከራሷ ላይ እስክታልፍ ድረስ፣ እንቅልፍ የወሰዳቸውን አባቷን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።